«ደም ይፈስሻል?»

ለዝናብ ስንት ቃል አለን! ሲጀምር «ጠብ ጠብ አለ» እንላለን፤ ሲቀጥል ካፊያ፣ ሲብስ ዶፍ፣ ሲያቆም ደግሞ «አባራ»። ክረምት ላይ ከለቡ ተነስቶ ክፍል የሚደርስ ተማሪ የእነዚህን ቃላት ልዩነት በጫማው ያውቀዋል። በሴት ልጅ ላይ ለሚታይ ደም ግን ክሊኒክ ስንገባ የሚቀርብልን አንድ ግሥ ብቻ ነው፤ መፍሰስ። «ደም ይፈስሻል?» ትባያለሽ፤ አዎ ወይም የለም ትያለሽ፤ ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ቀጣዩ ጥያቄ ይመጣል።

ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ የተነሳሁት ለክፍል ሥራ ነበር። የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን «ሰፈራችሁ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው፣ ጋዜጣ ላይ ግን የማታገኙት ነገር አምጡልኝ» አሉን። ልጆቹ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ውሃ ፈረቃና ስለ ደላላ ጻፉ። እኔ በሁለት የወር አበባ መካከል ስለሚታይ ጥቂት ደም እጽፋለሁ ስል ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። መምህሩ አልሳቁም። «መልካም፤ ግን ስሙን ምን ልትይው ነው?» አሉኝ።

እውነትም ስም ያስፈልገው ነበር። የጤና ባለሙያዎች «ስፖቲንግ» ይሉታል። የእኛ ግቢ ሴቶች «ታየኝ»፣ «ምልክት አየሁ»፣ «ቡኒ ነገር ነካኝ» ይላሉ። እኔ እዚህ ጽሑፍ ላይ ነጠብጣብ ብዬዋለሁ። ሞዴስ እንኳ የማያስፈልገው፣ ፓንት ወይም ሶፍት ላይ ብቻ የሚታይ፣ የወር አበባ ባልተጠበቀበት ቀን የሚመጣ ደም ማለቴ ነው።

የምኖረው ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ከአክስቴ ጋር ነው። ከግቢያችን ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ደግሞ ባልና ሚስት ከሦስት ዓመት ልጃቸው ጋር ተከራይተው ይኖራሉ። ባልየው የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አንዴ ከወጣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይቆያል። እሷ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። ስሟን አልጽፍም፤ ግቢው ውስጥ የምትጠራው በልጇ ስም ስለሆነ እሱንም ትቼዋለሁ። ታሪኩን ግን «ጻፊው፣ ሌላዋም ትስማው» ብላ ፈቅዳልኛለች።

በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ 8 ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳ የሦስት ወሩን የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወጋች። ነሐሴ ሲገባ ነጠብጣቡ ጀመረ። አንድ ቀን ይታያል፣ ሁለት ቀን ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። ጊዜው ፍልሰታ ነው። ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቀው የነበረ ጾም ነው፤ ልትቆርብ አስባለች። ደም እየታያት ደግሞ ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ደጅ ቆማ ተሳልማ ትመለሳለች። 11 ቀን እንዲህ ሆነ። ባሏ ከጅቡቲ ሲመለስም ያው ነው። «አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ምን ሆነሽ ነው?» ማለት ጀመረ። ቃሉ ቀላል ይመስላል፤ እሷ ግን አነጋገሩ ውስጥ ሌላ ነገር ሰምታለች።

አንድ እሑድ ጓሮ ልብስ እያጠብን «ይሄ መርፌ አልተስማማኝም፤ ሁለተኛ አልወጋም» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ልትጠቀሚ ነው?»

«ምንም። እሱም ቢሆን መች ቤት ይውልና!»

ሁለተኛ ልጅ አሁን ቢመጣ ስፌት ቤቱ እንደማይጠብቃት ታውቃለች። የመጀመሪያውን ስትወልድ የነበረችበት ቦታ አልጠበቃትም። የቤት ኪራዩ ደግሞ የእሷ ደመወዝ ካልታከለበት አይሞላም። እንግዲህ ያ ጥቂት ደም ይዞት የመጣው ጣጣ ይህን ያህል ነው።

የተወጋችበት ቀን ስለ ነጠብጣቡ የነገራት ሰው እንደነበረ ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበችና «ደም መፍሰስ ካለ ተመለሺ ነው ያሉኝ፤ የኔ ደግሞ አይፈስም» አለችኝ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስምሬባታለሁ።

መርፌው የሚሠራው ፕሮጄስትሮን ከሚባለው የሴት ሆርሞን ጋር በሚመሳሰል ንጥረ ነገር ነው። እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል፤ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋንም ያሳሳዋል። የሳሳ ሽፋን ደግሞ እንደ ወትሮው በጊዜው ተሰብስቦ አይወርድም፤ እዚህም እዚያም እየተሸረፈ ጥቂት ጥቂት ደም ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ በጣም የተለመደ ነው። መርፌውን አንድ ዓመት ከቀጠሉት ሴቶች ደግሞ ግማሽ ያህሉ የወር አበባቸው ጭራሽ ይቀራል። ያኔም ሌላ ስጋት ይመጣል፤ «ደሙ የት ሄደ? ውስጤ ተጠራቅሞ ይሆን?» የሚል። የትም አልተጠራቀመም። ሽፋኑ ስላልወፈረ የሚወርድ ነገር የለም። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው የሦስት ዓመቱ ኢምፕላኖንም በዚህ በኩል የመርፌው ዘመድ ነው፤ ብዙ ሴቶች ጊዜው ሳይደርስ «አውጡልኝ» የሚሉት በሌላ ሳይሆን በዚሁ ሥርዓት በሌለው ደም የተነሳ ነው።

ይህ የአንዲት የለቡ ተከራይ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ያገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት 8ቱ ብቻ ነበሩ። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 36 ደርሷል፤ ከእነዚህ ውስጥ 23ቱ የሚጠቀሙት መርፌ ነው። ስለዚህ እኛ አገር አንዲት ያገባች ሴት «ታየኝ» ስትል ከሁሉ በፊት «መርፌ ወስደሻል? መቼ?» ብሎ መጠየቅ አዋቂነት ነው። ውጭ አገር የታተሙ የጤና መጽሔቶችን ተርጉመው የሚጽፉ ሰዎች ስለ ውጥረትና ስለ አመጋገብ ብዙ ይሉና መርፌውን በአንድ መስመር ያልፉታል። ትርጉም ሲሆን እንዲህ ነው፤ የሌላ አገር ሴት ናት የምትታየው።

ጎረቤቴ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። እኔም አብሬያት ነበርኩ፤ ሥራ አስፈቅዳ ስለወጣች ቶሎ መመለስ ነበረባት፤ ልጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት የተቀበለቻት ነርስ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። «ይፈስሻል?» አላለቻትም። «ፓንትሽ ላይ አይተሻል? ከመቼ ጀምሮ? ስንት ቀን? ሞዴስ ያስፈልገዋል? ከባልሽ ጋር ከሆንሽ በኋላ ነው የሚብሰው? ሽታ፣ ማሳከክ፣ ከእምብርት በታች ሕመም አለው?» እያለች አንድ በአንድ ጠየቀቻት። የእርግዝና ምርመራም አሠራቻት። ሁሉንም ካየች በኋላ ከመርፌው እንደሆነ፣ በሚቀጥሉት ወራት እንደሚቀንስ፣ በጣም ካስቸገራት ለጊዜው የሚያግዝ መድኃኒት እንዳለ፣ ካልሆነም ዘዴውን መቀየር እንደምትችል ነገረቻት። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

የቁርባኑን ነገር ነርሷ ልትመልሰው አትችልም፤ እኔም አልችልም። ጎረቤቴ ለንስሐ አባቷ ደውላ፣ ከመርፌ የመጣ መሆኑን አስረድታ ጠይቃለች። የመለሱላት የእሷና የእሳቸው ነው። ይህን ለክፍላችን ልጅ ለአንዷ ሳጫውታት እሷ ሙስሊም ናትና «እኛ ጋ እኮ ስም አለው» ብላ አስገረመችኝ። የወር አበባው ሐይድ ይባላል፤ ከዚያ ውጪ የሚታየው ደም ኢስቲሃዳ። ሐይድ ላይ ያለች ሴት አትሰግድም፣ አትጾምም፤ ኢስቲሃዳ ግን ከሶላትም ከጾምም አያግድም። ሁለቱን ለመለየት ቀን መቁጠር፣ ቀለሙንም ማየት የግድ ነው። ለካ በእምነት ምክንያት ደማቸውን በደንብ የሚከታተሉ ሴቶች አጠገባችን ተቀምጠዋል!

ቀን ስለመቁጠር ካነሳሁ አይቀር፣ እኛ የምንቆጥርበት መንገድ ራሱ የሚያሳስት ነገር አለው። አብዛኞቻችን «የኔ በወር በወር በ10 ነው የሚመጣው» እንላለን። የወር አበባ ግን ካሌንደር አያውቅም፤ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ቀን ነው የሚቆጠረው። ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ድረስ ጤናማ ነው። የእኔ 28 ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ወደ ኋላ ይስባል ማለት ነው። ሐምሌ 10 ከመጣ ቀጣዩ ነሐሴ 8 ነው። ከዚያስ? ጳጉሜን መሃል ትገባለች። 2017 ላይ ጳጉሜን 5 ቀን ስለነበረች የእኔ የመጣው ልክ በእንቁጣጣሽ፣ መስከረም 1 ቀን ነው። በቀን ቁጥር የምትሄድ ልጅ «ገና በ8 እጠብቃለሁ፣ ይሄ ምን የሚሉት ደም ነው?» ብላ ልትደነግጥ ትችላለች። ምንም አይደለም፤ 28 ቀኗን ጠብቃ የመጣች የወር አበባ ናት።

የጎረቤቴም ቀጠሮ ላይ ይኸው ጉዳይ አለ። ሐምሌ 8 ተወግታ «ሦስት ወር ማለት ጥቅምት 8» ብላ ነበር። ካርዷ ላይ የተጻፈው ግን ጥቅምት 4 ነው፤ 13 ሳምንት ስለሚቆጠር፣ ጳጉሜንም ስላለች። በእርግጥ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መርፌው እስከ 4 ሳምንት ቢዘገይም እንዲሰጥ ስለሚፈቅድ አራት ቀን አደጋ የለውም። ካርዱን ማየት ግን አይከፋም።

እኔው ራሴ ነሐሴ 22 ቀን ሦስት ነጠብጣብ አይቻለሁ። ሐምራዊ ቢጤ ነው፤ በማግስቱ የለም። ደብተሬን ስገልጥ ከነሐሴ 8 እስከ 22 አሥራ አራት ቀን ነው፤ ከ22 እስከ እንቁጣጣሽም አሥራ አራት። እንቁላል የሚወጣበት ሰሞን ነው ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ለአጭር ጊዜ ዝቅ ስለሚል ሽፋኑ ትንሽ ይሸረፋል። በሁሉም ሴት ላይ አይታይም፤ የሚታይባትም ብትሆን በየወሩ ላታየው ትችላለች። ከአንድና ሁለት ቀን ካላለፈ ሕክምና አይፈልግም። አንዳንዶቻችን ዓመቱን ሙሉ በፈተና ቀን ስናሳብበው የኖርነው ነጠብጣብ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ግቢ ውስጥ ላሉ ልጆች ደግሞ ስለ ፖስት ፒል ልንገራችሁ። ከዶርም ወጥቶ ፋርማሲ ገብቶ መግዛት ቀላል ነው፤ ስለሚከተለው ነገር ግን ማንም አያወራም። ከወሰዱ በኋላ ባሉት ቀናት ነጠብጣብ ሊታይ ይችላል። ያ የወር አበባ አይደለም፤ «እንኳን አላረገዝኩም» የሚያሰኝ ማረጋገጫም አይደለም። ቀጣዩ የወር አበባ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ከተጠበቀበት ቀን ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ ግን የእርግዝና ምርመራ ማድረግ ነው። የየዕለቱን ፒል የምትወስድም ሁለት ሦስት ቀን ከረሳች ታያለች። እርግዝናው ራሱም ሲጀምር ሊያሳይ ይችላል፤ የወር አበባዋ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጠብ የሚል ደም አይታ «መጣ» ብላ የምትተወው ብዙ ናት። እዚህ ላይ ቀልድ የማያውቀው አንድ ነገር፣ የወር አበባ ቀርቶባት ነጠብጣብ እያየች ከእምብርቷ በታች በአንድ በኩል የሚያማት፣ የምትዞርባት ሴት ናት። ጽንሱ ከማህፀን ውጪ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለባት።

የአባላዘር በሽታዎችም አሉ። ክላሚዲያና ጨብጥ የማህፀንን በር ስለሚያቆስሉ፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ ደም ያሳያሉ። ክላሚዲያ ብዙ ጊዜ ሌላ ምልክት ስለማይሰጥ ነጠብጣቡ ብቻውን ጥቆማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሳይታከም ከቆየ የማህፀን ቱቦን ሊዘጋ፣ መካንነትም ሊያስከትል ይችላል። የሚታከሙት ግን ሁለቱም ባልና ሚስት፣ ወይም ሁለቱም ጓደኛሞች ናቸው፤ እሷ ብቻዋን ከታከመች ነገሩ ተመልሶ ይመጣል። ሴቶች «ማዮማ» የሚሉት የማህፀን እጢም በዕድሜ ገፋ ባሉት ላይ ያሳያል።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን የአክስቴ ነገር ነው። አክስቴ 54 ዓመቷ ነው፤ የወር አበባዋ ከቀረ ሦስት ዓመት አልፏል። በነሐሴ መጨረሻ ቡና እያፈላች «አንቺ ልጅ፣ ልጅነቴ ሳይመለስ አይቀርም» ብላ ሳቀች። ሁለት ጊዜ ታይቷታል። እኔ ያን ሰሞን ስለዚሁ ጉዳይ ሳነብ ስለነበር አልሳቅኩም። የወር አበባ ከቀረ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ የሚታይ ደም፣ አንዲት ጠብታም ብትሆን፣ መታየት አለበት። አብዛኛው ካንሰር ሆኖ አይገኝም፤ ካንሰር የሆነው ግን ራሱን ቀድሞ የሚያሳውቀው በዚህ ነው።

ብነግራትም «የሞቀ ውሃ ነው፣ ድካም ነው» ብላ አመነታች። በኋላ ሰፈር ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደች። ስትመለስ በእጇ የያዘችው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መድኃኒት ነው። «ደሙን ነግረሻቸዋል?» አልኳት።

«ደም ይፈስሻል ወይ አሉኝ፤ ኧረ አይፈሰኝም አልኳቸው። እውነት ነው፣ አይፈሰኝም።»

የማህፀኗን በር ያየ ሰው አልነበረም። መድኃኒቱን ለሰባት ቀን ዋጠች፤ ነጠብጣቡ ስምንተኛው ቀን ላይ ተመለሰ።

መስቀል ሲያልፍ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ወሰድኳት። የማህፀኗ በር ታየ፤ አልትራሳውንድ ተነሳች፤ ከማህፀኗ አፍ ላይ ፖሊፕ የሚባል፣ እንደ ትንሽ ጣት ጫፍ የሚያህል ሥጋ ተገኝቶ ተነሳ፤ ለምርመራም ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ቆየን። በእነዚያ ቀናት አክስቴ ስለ በሽታው አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ግን የቤቱን ካርታና የእድር ደብተሯን ከቁም ሣጥን አውጥታ የት እንዳስቀመጠች አሳየችኝ። እኔም ሳላወራ አየሁ።

ውጤቱ ደህና ነበር። ሐኪሟ ያንን ካነበቡ በኋላ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ከዚህ ቀደም አድርጋ ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት። አላደረገችም። በኢትዮጵያ በሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች የማህፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ምርመራው ደግሞ የሚያስፈራ አይደለም፤ ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ በጥቂቱ ተቀጥኖ የማህፀን በር ላይ ይቀባል፤ ከደቂቃ በኋላ ያልተለመደው ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። ጤና ጣቢያዎች ላይ በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይሰጣል። አክስቴ በዚያ ዕድሜ ክልል ውስጥ በነበረችባቸው ዓመታት ማንም አልጠራትም። የእኔ ዕድሜ እኩዮች በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን፤ ካንሰሩን የሚያመጣው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ መከላከያ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበርና እኔም የዚያን ዓመት ክፍል ውስጥ ተሰልፌ ተከትቤያለሁ። ያኔ ከክፍላችን ያመለጡ፣ «መካን ያደርጋል» ተብሎ ተነግሯቸው ከቤት የቀሩ ልጆች ነበሩ። ለምን እንደሚሰጥ በደንብ ተነግሮን ቢሆን ስንቱ ይቀር ነበር? የተከተብነውም ብንሆን ክትባቱ ሁሉንም የቫይረስ ዓይነት ስለማይሸፍን 30 ሲሞላን መመርመራችን አይቀርም።

የክፍል ሥራውን ሳስረክብ መምህሩ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ባለሙያውንም ጠይቂ እንጂ፤ የሴቶቹን ብቻ አትስሚ» ብለው ጻፉበት። ስለዚህ ያቺን ወጣት ነርስ መልሼ አገኘኋት። ለምን «ይፈስሻል?» እንዳላለች ጠየቅኋት። እሷም ተምራ ስትወጣ የምትጠይቀው እንደዚያው ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን «የለም» ብለው የወጡ ሴቶች በር ላይ ቆም ብለው «ግን እኮ ትንሽ ይታየኛል» ሲሏት ጥያቄውን ቀየረችው። አሁን ከሁሉ በፊት የምትጠይቀው ስለ ፓንት ነው። ካርዱ ላይ ግን ለመልሱ የሚሆን ቦታ ስለሌለ ኅዳጉ ላይ በእጇ «ትንሽ ይታያታል» ብላ ትጽፋለች። የጎረቤቴ ካርድ ላይም እንዲሁ ተጽፏል። ጥቅምት 4 ቀን ሁለተኛውን መርፌ ስትወጋ አይቼዋለሁ፤ ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ «ቀንሷል» የሚል ተጨምሮበታል።